ቀይ ነጥብ ያለበት ጥቁር ሰውዬ፦ የማቲስ ኢካሩስ እና እርስዎ እጅ ያለው ወረቀት

ጥያቄው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከፓሪስ ወጣ ብሎ አንዲት ሸምገል ያሉ ፈረንሳዊት ቤት ለሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ሳሎናቸው ተሰቅሎ የኖረውን ሥዕል ‹ላንቺ ይሁን› ብለው ሰጡኝ። መደቡ ሰማያዊ ነው፤ መሐሉ ላይ ፊት የሌለው ጥቁር ሰውዬ አለ፤ ደረቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ ቢጫ ነገር ተበታትኗል። ከሥሩ ‹አንሪ ማቲስ፣ ኢካሩስ› የሚል የታተመ ጽሑፍ አለ። ባለቤቴ ‹ይሄንን ልጃችንም በመቀስ ቆርጣ ትሠራዋለች› ብሎ ሳቀ። ልጄ ደግሞ ‹ሰውዬው እየጨፈረ ነው› ትላለች። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ በብዙ ሺህ ዩሮ ሲሸጥ አየሁና ደነገጥኩ። እውነተኛ ነው? ኢካሩስስ ማነው? ክንፍ ነበረው ይላሉ፤ የታለ ክንፉ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሚያስጨንቅዎት ልጀምር። በጻፉት መሠረት እጅዎ ላይ ያለው ከጊዜ በኋላ በማተሚያ ቤት የተባዛ ፖስተር ነው። ይህን ለማለት ሥዕሉን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይበቃል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1947 ባወጣው «ጃዝ» የሚባል መጽሐፍ ውስጥ ያለው ኢካሩስ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከሥዕሉ በታች ስምም ርዕስም አልታተመበትም። የሠዓሊውን ስም ከሥር በጉልህ የሚጽፉት ፖስተር አታሚዎችና የሙዚየም ሱቆች ናቸው። ስለዚህ ሴትዮዋ ሳያውቁ ሀብታቸውን አልሰጡዎትም፤ እርስዎም የማንም ወራሽ ዕዳ የለብዎትም። በሰላም ይተኙ።

እዚህ ላይ መልሱን ባቆም ይቻል ነበር። ግን «እውነተኛ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሥዕል ላይ ሲነሳ ነገሩ ይጠማዘዛል። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተሸፍኖ የሚታየው «እውነተኛው» የ1947 ኢካሩስ ራሱ የሌላ ነገር ግልባጭ ነው፤ ሠዓሊው ደግሞ በዚያ ግልባጭ አልተደሰተም። ባለቤትዎ ስለ መቀሱ የቀለደውም ሳያውቀው ዋናውን ነገር ነክቶታል። ሥራዬ ወረቀት ላይ የተሠሩ ሥዕሎችንና ህትመቶችን መመርመርና መጠገን ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከወረቀቱ ጎን እየያዝኩ ላጫውትዎት።

ማቲስ የተወለደው በ1869 የመጨረሻ ቀን፣ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ያደገባት ቦኣን የምትባለው ከተማ የሸማኔ አገር ነበረች፤ ከዘመዶቹም ሸማኔዎች ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በ1941 መጀመሪያ፣ 71 ዓመት ሞልቶት፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያስታመሙት መነኮሳት «ከሞት የተነሳው» የሚል ስም አወጡለት። ተረፈ፤ ግን ሆዱ ተጎድቶ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ሸራ ፊት ለብዙ ሰዓት ቆሞ መሥራት አልቻለም። አብዛኛውን ቀን በአልጋ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳልፍ ጀመር። መቀስ ያነሳው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1930ዎቹ፣ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ሲያቅድ ቀለም የተቀባ ወረቀት እየቆረጠ ቦታ ይመርጥበት ነበር። ወረቀቱ ያኔ መሞከሪያ ነበር፤ ከሕመሙ በኋላ ግን ዋናው ሥራ ራሱ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረዳቶቹ፣ በተለይ ሊዲያ ዴሌክቶርስካያ የምትባለዋ ሩሲያዊት፣ ነጭ ወረቀት ወስደው በጓሽ አንድ ወጥ ቀለም ይቀቡታል። ጓሽ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ግድግዳ ድብዝዝ የሚል፣ ከሥሩ ያለውን የማያሳይ ቀለም ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ ማቲስ ትልቅ መቀስ ይዞ በቀጥታ ቀለሙ ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ በእርሳስ አይነድፍም። በቀጥታ ቀለም ውስጥ መቁረጥ ቀራፂ በቀጥታ ድንጋይ ሲጠርብ ያስታውሰኛል የሚል ሐሳብ ራሱ ጽፏል። የተቆረጠው ቅርጽ በመርፌ ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» እያለ ያዛውረዋል።

የኢካሩስ ወረቀት በዚህ መንገድ ተቆረጠ። እንግዲህ ኢካሩስ ማነው?

ታሪኩ የቀርጤስ ነው፤ ጳውሎስ ቲቶን ትቶት የሄደባት ያችው ደሴት። ንጉሡ ሚኖስ ዴዳሉስ የሚባል እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበረው። የንጉሡ ሚስት ፓሲፋኤ በአማልክት ቁጣ አንድ ወይፈን ወደደች፤ ዴዳሉስ ከእንጨት ላም ሠርቶ ምኞቷን አሳካላት፤ ከዚያም ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ የሆነው ሚኖታውር ተወለደ። ለእሱ መደበቂያ ገብቶ መውጫ የማይገኝለትን ቤት የሠራውም ያው ዴዳሉስ ነው። ምስጢር የያዘ ባለሙያ ደግሞ በሰላም አይሰናበትም፤ ሚኖስ ከነልጁ ያዘው። ባሕሩና መሬቱ የንጉሡ ስለሆኑ የቀረው ሰማይ ብቻ ነበር። አባት ላባ ሰብስቦ በሰም እያጣበቀ ለራሱና ለልጁ ክንፍ ሠራ። «ዝቅ ካልክ የባሕሩ እርጥበት ላባውን ያከብደዋል፤ ከፍ ካልክ ፀሐይ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ መሐሉን ያዝ» አለው። ልጁ፣ ኢካሩስ፣ መብረሩ ጣመውና ወጣ፣ ወጣ፤ ሰሙ ቀለጠ፤ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ሲተርከው ከታች ሆነው ሽቅብ የሚያዩ ዓሣ አጥማጅ፣ እረኛና ገበሬ ይጨምርበታል፤ ሰዎቹ የሚበሩት አማልክት መስለዋቸዋል። እስከ ዛሬ ኢካሪያ የምትባል የግሪክ ደሴት አለች፤ ስሟ ከዚህ ልጅ ጋር ይያያዛል።

አሁን ፖስተርዎ ፊት ይቁሙና ከዚህ ሁሉ ምን እንደቀረ ይቁጠሩ። አባት የለም። ባሕር የለም። ሰም፣ ላባ፣ እረኛ፣ ገበሬ የለም። ፀሐይም አንድ ክብ ሆና አትታይም። ክንፉ የት ሄደ ላሉኝ፣ ክንዶቹን ይዩ፤ ጣት የላቸውም፣ ሰፋ ብለው ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ ክንፍ ነበሩ ቢሉም፣ ክንፍ ሊሆኑ ነው ቢሉም ያስኬዳል። ማቲስ ከተረቱ ጠብቆ ያቆየው ሁለት ነገር ነው፦ አየር ላይ ያለ አካል እና ደረቱ ውስጥ ያለች አንዲት ቀይ ነጥብ። ኦቪድ ደግሞ ስለ ልቡ አላወራም። ልቡን የጨመረው ማቲስ ነው።

በእኔ ዓይን ሥዕሉ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። አውራ ጣትዎን አንስተው ይሸፍኗት። ጥቁሩ ቅርጽ ወዲያው ጥላ ይሆናል፣ መንገድ ላይ እንዳለ ምልክት። ጣትዎን ሲያነሱ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ነጥቧም ብትሆን በኮምፓስ የተሠራች ክብ አይደለችም፤ ዙሪያዋ ትንሽ ይንገዳገዳል። እርስዎ ጋ ያለው ፖስተርም ቢሆን ይህን ያሳያል፤ ቅርጽ ከግልባጭ ወደ ግልባጭ ሲሄድ ብዙ አይሞትም።

ጥቁሩን አካል ዳር ዳሩን በጣትዎ ይከተሉት። በእርሳስ የተነደፈ መስመር ያመነታል፤ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ይደግማል። መቀስ እንደዚያ አይችልም፤ አንዴ ከገባ መሄድ ብቻ ነው። ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱ ዞሮ መቀሱ ባለበት እንደቆየ ይታወቃል፤ ልብስ ሰፊ እጅጌ ሲቆርጥ ጨርቁን እንደሚያዞረው ማለት ነው። ባለቤትዎ «ልጃችንም ትቆርጠዋለች» ያለውን አልናቅሁትም፤ ይሞክሩት። ጥቁር ወረቀት ስጧት፣ እርሳስ ደብቁ፣ «የሚወድቅ ሰው ቁረጪ» በሏት። ልጅ ሳትፈራ ትቆርጣለች፤ ምናልባት ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ያምርላታል። ቀጥሎ ባለቤትዎ ይሞክር። አዋቂ ሰው ጣት መቁረጥ ይጀምራል፣ አፍንጫ ይጨነቃል፣ ጫማ ያስታውሳል። ማቲስ ያንን ሁሉ ከእጁ ለማስወጣት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሥዕል ሠርቷል።

ይወድቃል ወይስ ይጨፍራል? እዚህ ጋ ልጅዎን እደግፋለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ማቲስ ኢካሩስን የቆረጠው አንዴ ብቻ አይደለምና። በ1943 የሠራው ሌላ አለ፤ «የኢካሩስ ውድቀት» ይባላል፤ በ1945 አንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ውስጥ ወጥቷል። እዚያ አካሉ ነጭ ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ ተዘርግቷል፤ ግራና ቀኙ ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ልብም ቢጫ ፍንጣሪውም አለ። ያኛው ሬሳ ይመስላል። ገጣሚው ሉዊ አራጎን ማቲስን በዚያ ዘመን በቅርብ ያውቀው ነበር፤ ከማቲስ አፍ እንዳመለጠ አድርጎ ሲጽፍ፣ ቢጫዎቹ ለተረቱ ሲባል ፀሐይ ወይም ከዋክብት ይባሉ እንጂ በ1943 ለማቲስ የሚፈነዱ የመድፍ ጥይቶች ነበሩ ይላል። ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ነበረች። ማቲስ በዚያው ዓመት የአየር ድብደባ ሲፈራ ከኒስ ወጥቶ ቫንስ የምትባል ኮረብታማ ከተማ ገባ። ሰማይ ላይ ወጣት አብራሪዎች የሚመቱበት ጊዜ ነው። እንዲህ ሲያዩት ጥንታዊው ልጅና የዘመኑ ፓይለት አንድ አካል ሆነው ይመጣሉ፤ ቀይዋም ነጥብ ልብ ትሁን የጥይት ቁስል መለየት ያቅታል።

አንድ ነገር ላርም፣ ብዙ ቦታ ተሳስቶ ስለሚነገር። የማቲስ ሚስት አሜሊና ልጁ ማርጌሪት ከፀረ ናዚው የኅቡዕ ትግል ጋር በተያያዘ በጌስታፖ ታስረዋል፤ ማርጌሪት ክፉኛ ተሠቃይታለች፣ ወደ ማጎሪያ ካምፕ በሚወስዳት ባቡር ላይ ተጭና መንገድ ላይ ነው ያመለጠችው። ይህ ግን የሆነው በ1944 ነው። ነጩ ኢካሩስ ከዚያ ቀድሞ ተቆርጧል። «ቀዩ ነጥብ የልጁ ስቃይ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ካገኙ ዓመቱን ያመሳክሩ።

ጥቁሩ፣ እርስዎ ጋ ያለው፣ ስሜቱ ሌላ ነው። «ጃዝ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ስምንተኛው ሥዕል ነው። መጽሐፉ 20 ሥዕሎች አሉት፤ በሥዕሎቹ መካከል ማቲስ ራሱ በትልልቅ የእጅ ጽሕፈቱ የጻፋቸው ገጾች ይገባሉ። መጀመሪያ ርዕሱ «ሰርከስ» ሊሆን ነበር፤ ለዚህ ነው ከኢካሩስ ጎረቤት ፈረስ ጋላቢና ቢላ ወርዋሪ የሚያገኙት። ከኢካሩስ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ማቲስ ምን የጻፈ ይመስልዎታል? ስለ ትዕቢት? ስለ አባት ትእዛዝ? ምንም! ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶችን በአውሮፕላን ረጅም ጉዞ ብናስጉዛቸው አይሻልም ወይ ነው የሚለው፤ ለአፍታ ነፃ ስለመሆን። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ «ከፍ አትበል» ተብሎ ሲተረክ ለኖረ ልጅ፣ አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ «ልጆቹን አብርሯቸው» ሲል የመለሰው ነው። እንደኔ እምነት ጥቁሩ ኢካሩስ የሚቀጣ ልጅ አይደለም። ለዚህ ነው ልጅዎ ጭፈራ ያየችው፤ አንድ ጉልበቱ እጥፍ ብሏል፣ ክንዶቹ ክፍት ናቸው፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ፍንዳታው ግን ዙሪያውን አለ፤ ማቲስ አላጠፋውም።

የግሪኩ ነገር በአጋጣሚ አልመጣም። በ1944 ማቲስ ሞንተርላን በሚባል ደራሲ ጽሑፍ ላይ ያችኑ የቀርጤስ ንግሥት፣ ፓሲፋኤን፣ ሊኖሌም በሚባል ለስላሳ የወለል ምንጣፍ ላይ ቀርጾ አሳትሟል፤ ጥቁር መደብ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር። የዴዳሉስና የኢካሩስ እስር መነሻዋ እሷ ናት፤ ስለዚህ በጦርነቱ ዓመታት ጠረጴዛው ላይ ያው አንድ የቀርጤስ ቤተሰብ ተሰብስቦ ነበር ማለት ነው። «ጃዝን» ያሳተመው ቴሪያድ ደግሞ ፓሪስ የከረመ የሌስቦስ ደሴት ግሪካዊ ነው፤ የልደት ስሙ ስትራቲስ ኤሌፍቴሪያዲስ። ዛሬ የትውልድ መንደሩ ውስጥ በስሙ ሙዚየም አለ፤ ያሳተማቸው መጻሕፍት እዚያ ይታያሉ። ኢካሩስ በዚህ በኩል ወደ ኤጌ ባሕር ተመልሷል።

አሁን ወደ ሙያዬ። የ1947ቱ ህትመት የተሠራው ፖሽዋር በሚባል ዘዴ ነው፤ ፈረንሳዮች ለስቴንስል ያላቸው ስም ነው። እዚህ አገር ቤት ሳጥን ላይ «ተሰባሪ» ብለው የሚረጩበትን የተበሳ ካርቶን ያውቃሉ፤ ጽንሰ ሐሳቡ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ስስ የብረት ቅጠል በቅርጹ ልክ ይበሳል፤ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ ጸጉሩ ጠፍጣፋ ተደርጎ በተቆረጠ ድቡልቡል ብሩሽ ቀለሙ ቀጥ ተብሎ ይመታበታል፣ ማኅተም እንደሚመታ። የኤድሞን ቬሬል አውደ ጥናት ይህን የሠራው ማቲስ ወረቀቶቹን ባስቀባበት በዚያው ሊኔል በሚባለው የጓሽ ዓይነት ነው። መጽሐፉ 250 ቅጂ ለሽያጭ፣ 20 ከሽያጭ ውጭ ታተመ፤ ጽሑፍ የሌለው 100 የሥዕል ስብስብም ተጨመረ። ይደምሩት፦ 370 ኢካሩስ። ያችም ቀይ ነጥብ 370 ጊዜ በእጅ ተመትታለች።

ቀላል መስሎዎት እንደሆነ የራሴን ልንገርዎት። ተማሪ ሳለሁ ፖሽዋር ልማር ብዬ አንድ አውደ ጥናት ገባሁ፤ ለመለማመጃ የመረጥኩት ይህንኑ ኢካሩስ ነው። መዳቡን ሁለት ቀን ፈጅቼ ቆረጥኩ። ሰማያዊው ጥሩ ወጣ፣ ጥቁሩ ደህና ነበር። ለቀዩ ግን ቀለሙን አቀጠንኩት። ስቴንስሉን ሳነሳ ቀለሙ ከብረቱ ሥር ሾልኮ ሄዷል፤ ነጥቧ ዙሪያዋን ጸጉር አብቅላ አባ ጨጓሬ መስላለች። ሁለተኛውን ወረቀት አበላሸሁ፤ ሦስተኛውንም። አስተማሪው አንድ ጣት ቀለሙ ውስጥ ነክሮ አየና «ይሄ ወተት ነው፤ እርጎ አድርገው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፖሽዋር ጠርዝ ሳይ የማየው ያንን ውፍረት ነው። በደንብ በተሠራ ላይ ቀለሙ ስቴንስሉ ጠርዝ ጋ በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የብሩሹም ምት በቀለሙ ገጽ ላይ እዚህም እዚያም ይነበባል።

ቤት ውስጥ ለመመርመር የሚያስፈልግዎት አጉሊ መነጽርና የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ከፍሬሙ ያውጡት። ሰማያዊው ላይ መነጽሩን ያድርጉ። ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ በሥርዓት ተደርድረው ካዩ ጋዜጣና የቀን መቁጠሪያ በሚታተምበት ማሽን የወጣ ነው፤ ነገሩ አለቀ። የእርስዎ እንዲህ እንደሚሆን እገምታለሁ። በቅርብ ጊዜ በዲጂታል ማተሚያ የወጣ ከሆነ ነጠብጣቡ ያለ ሥርዓት እንደ ተረጨ ጉም ነው። የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው፦ በሐር ወንፊት የታተመ። እሱ ነጠብጣብ የለውም፤ ቀለሙም ወፍራም ስለሆነ ሰዎች ፖሽዋር ነው ብለው ይምላሉ። ጠርዙን ሲያጎሉት ግን የወንፊቱ ክር እንደ ጥሩ መጋዝ ጥርስ ያስቀምጣል፤ ገጹም አንድ ወጥ ነው፣ የብሩሽ ምት አይታይም። መብራት አጥፍተው ባትሪውን ከጎን ሲያበሩበት ጓሽ ብርሃኑን ይውጣል፤ የማሽን ቀለም ብዙ ጊዜ ያብለጨልጫል። ስፋቱንም ይለኩ። የመጽሐፉ ገጽ ወደ 42 በ32.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወረቀቱም አርሽ የሚባለው ወፍራም የጥጥ ወረቀት ነው። እርስዎ ጋ ያለው ከዚህ የጎላ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ፊርማን በተመለከተ ብዙ ሰው ይታለላል። ማቲስ በእርሳስ የፈረመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ እትሙ በሚገልጸው ገጽ ላይ ነው እንጂ በየሥዕሉ ላይ አይደለም። ስለዚህ ለብቻው ተነጥሎ ከሥሩ በእርሳስ «ማቲስ» የተባለበት ኢካሩስ ሲቀርብልኝ ፊርማው ጥርጣሬዬን ይጨምረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላው ማደናገሪያ፣ ማቲስ በ1954 ከሞተ በኋላ በ1958 የመጨረሻ ዘመን ቁርጥራጮቹ በሊቶግራፍ፣ ማለትም ከጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ በሚታተምበት ዘዴ፣ ታትመው ወጥተዋል፤ ሻጮች ያንንም ይህንንም ቀላቅለው «የማቲስ ኦሪጅናል» ይሉታል።

ታዲያ ኦሪጅናል የቱ ነው? ማቲስ የመጽሐፉን ቅጂ ሲያይ ለወዳጁ ለአንድሬ ሩቬይር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሥራው እንዳልተሳካ ነግሮታል፤ ወረቀቶቹ ግድግዳው ላይ ሳሉ የነበራቸውን ስሜት ህትመቱ ወሰደባቸው ባይ ነበር። መቀስ የቆረጣቸው ወረቀቶች ራሳቸው ፓሪስ ፖምፒዱ ማዕከል ስብስብ ውስጥ አሉ። ሲታዩ እውነትም ሌላ ናቸው፤ አንዱ ወረቀት በሌላው ላይ ተደርቦ ጠርዙ ቀጭን ጥላ ይጥላል፣ የመርፌ ቀዳዳ አለ፣ የሊዲያ ብሩሽ የሄደበት አቅጣጫ በሰማያዊው ላይ ይታያል። ስቴንስሉ ይህን ሁሉ ደፍጥጦ አንድ ወለል አደረገው። እኔ ግን ከማቲስ ጋር እስከ መጨረሻው አልሄድም። የወረቀቱ ኢካሩስ አንድ ሰው ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰካ። በስቴንስል የታተመው ግን ከወረቀቱ ጋር ስለተዋሐደ ከሰማዩ መለየት አይችልም፤ ሰማዩ ውስጥ የተነከረ ነው። ለሚበር ልጅ ይኼኛው ይስማማዋል።

ረቂቅ ሥዕል ይባላል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አጥብቀን ከተናገርን አይባልም። በእኛ አገር ረቂቅ ሲባል ገብረ ክርስቶስ ደስታን የሚያስታውስ ሰው፣ ምንም ዕቃ የማይታወቅበት የቀለምና የቅርጽ ሥራ ይጠብቃል። እዚህ ሰው መሆኑ ይታወቃል። ማቲስ ያደረገው ማውጣት ነው፤ እስከሚችለው አወጣ፣ ሰው መሆኑ ሊጠፋ ሲል ቆመ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልሁን። ኢንተርኔት ላይ ያዩት ዋጋ ወይ የ1947ቱ ነው፣ ወይ የሻጭ ተስፋ ነው። ማቲስ ከሞተ 70 ዓመት ስለሞላ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ሥራዎቹን ማንም አባዝቶ መሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ገና ብዙ ኢካሩስ ገበያ ላይ ይወጣል። እርስዎ የያዙት እንደ ፖስተር ይሸጥ ቢባል ከፍሬሙ ብዙም አይበልጥም።

ለመስቀል ግን ከመስኮት ትይዩ አያድርጉት። ርካሽ ፖስተር ላይ ቀድሞ የሚሸሸው ቀዩና ቢጫው ነው፤ ሁለት ሦስት በጋ ከተመታ ኢካሩስ ልቡ ይጠፋል። ጀርባውን ሲከፍቱ ቡናማ ካርቶን ካገኙ ያውጡት፤ አሲድ አለው፣ ወረቀቱን ያቃጥለዋል፤ በምትኩ የፍሬም ሱቆች አሲድ አልባ ብለው የሚሸጡትን ካርቶን ያስገቡ። ተለጥፎ ከሆነ ግን እንዳይጎትቱ፤ ይቀደዳል።

ከካርቶኑ በስተጀርባ አንዳንዴ የሱቅ ቲኬት፣ የሙዚየም ማኅተም ወይም በእጅ የተጻፈ ነገር ይገኛል። ሴትዮዋ የገዙበትን ዓመት፣ ምናልባትም ማን እንደሰጣቸው ያሳይዎታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቋቸው ይዘውላቸው ይሂዱ፤ እኔ ከማውቀው በላይ ስለዚያ ወረቀት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አጉሊ መነጽሩ ላይ ነጠብጣብ ካላዩ ደግሞ የአንዱን ጠርዝ ፎቶ ከቅርብ አንስተው ይላኩልኝ።